አንድ ድርሰት የሸፈናቸው የሙዚቃ ደራስያን

«አንድ የሙዚቃ ደራሲ በአንድ ሥራው ብቻ ቢታወስ የቀሩት ሥራዎቹ ደካማ ስለ ሆኑ ነው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ጊዜም የማያዳላ ዳኛ ነው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አነጋገሩ ለጆሮ ያማረ ነው፤ ታሪክን ጠይቀን ብንመረምረው ግን ሐሰት ሆኖ እናገኘዋለን።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ጀርመናዊው ዮሐን ፓኸልቤል ነው። በ1653 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኑረምበርግ ከተማ ተወልዶ በ1706 ዐረፈ። በዘመኑ የተከበረ የኦርጋን ተጫዋችና መምህር ነበረ፤ የስመ ጥሩውን የዮሐን ሰባስቲያን ባኽን ታላቅ ወንድም ያስተማረ እርሱ ነው። ለኦርጋን የደረሳቸው ሥራዎች ብዙ ሲሆኑ ዛሬ ስሙ የሚነሣው በምዕራባውያን ሠርግ ዘወትር በሚሰማው «ካነን» በተባለው አጭር ድርሰት ነው። ነገር ግን ይኸው «ካነን» ታትሞ የወጣው በ1919 ነው፤ በዓለም የገነነውም ፈረንሳዊው ዣን ፍራንስዋ ፓያር በ1968 በሸክላ ካስቀረጸው ወዲህ ነው። እንግዲህ ጊዜ ትክክለኛ ዳኛ ከሆነ፣ ዛሬ የምናደንቀውን ድርሰት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ስለ ምን ቀበረው? ከመደርደሪያ አንሥቶ ያሰማው የሰው እጅ ነው፤ የቀሩትንም እዚያው የተዋቸው ያው የሰው እጅ ነው።

የማክስ ብሩኽ ዕጣ ደግሞ ይብሳል፤ በደሉን በሕይወቱ ሳለ አይቶታልና። በ1838 በኮሎኝ የተወለደው ይህ ደራሲ ሦስት የቫዮሊን ኮንሰርቶዎች፣ ሦስት ሲምፎኒዎች፣ ኦፔራና በርካታ የመዘምራን ድርሰቶች ጽፏል። በ1866 መጀመሪያ የተሰማውን አንደኛውን ኮንሰርቶ ለአሳታሚ በቁርጥ ዋጋ ስለ ሸጠው ዝናው ለእርሱ፣ ትርፉ ለሌላ ሆነ። «ኮል ኒድሬ»ን የመሰሉ ጥቂት ሥራዎቹ አልፎ አልፎ ቢሰሙም፣ ቫዮሊን ተጫዋቾች ሌሎቹን ኮንሰርቶዎች ትተው አንዱን ብቻ ሲደጋግሙ እያየ ሲማረር ኖሮ በ1920 በበርሊን ሞተ።

ጥፋቱ የታወቀው ድርሰት አይደለም፤ ድርሰቱማ ያማረ ነው። ጥፋተኞቹ ወንበር ባዶ እንዳይቀርባቸው የሚፈሩ የቴአትር ቤት ኃላፊዎች፣ አዲስ ማጥናት የሚሰለቻቸው ተጫዋቾች፣ የለመደውን ብቻ የሚጠይቅ አድማጭ ናቸው። ስለዚህ የሙዚቃ መምህር የሆነ ሁሉ የታወቀውን ባሰማ ቍጥር ከዚያው ደራሲ ያልታወቀ አንድ ሥራ ይጨምር፤ የሬዲዮ ፕሮግራም የሚያዘጋጅም እንዲሁ ያድርግ። ተማሪውም ሁለቱን አስተያይቶ ይፍረድ፤ ቃሉ ሳይሰማ በተከሳሽ ላይ መፍረድ በሸንጎም ቢሆን ነውር ነውና።