ለእንግዳ ሲባል የተዘጋ ትምህርት ቤት

በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. ከማኅበራችን የበጎ አድራጎት ክፍል ሰባት ሆነን ወደ አሶሳ ሄደን መመለሳችንን አንባቢ ያውቃል። ፎቶግራፎቹ በቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ባለው ሰሌዳ ላይ ከተለጠፉ ወዲህ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ያላለን ጓደኛም ሆነ መምህር ጥቂት ነው። ምስጋናው ደስ አላሰኘንም ብንል ውሸት ይሆንብናል። ነገር ግን ፎቶግራፍ አንዱን አሳይቶ ሌላውን ይደብቃልና፣ በሥዕሉ ውስጥ ያልገባውን ነገር በዚህ ጋዜጣ ልናሰፍረው ተነሣን። ይልቁንም የሚመጣው ጉባኤ በሣጥኑ የቀረውን ገንዘብ በምን ላይ እናውለው ብሎ ድምፅ ሊሰጥ ስለ ሆነ፣ ድምፅ ሰጪው ሁሉ ያየነውን ሊያውቅ ይገባዋል።

ከአዲስ አበባ አሶሳ በመኪና ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በአምቦ፣ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆና በመንዲ አልፎ በባምባሲ በኩል ይገባል። በወለጋ የሚያልፈው ይህ መንገድ ለብዙ ዓመታት በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋና ሲከፈት ስለ ኖረ፣ ወላጆቻችንም ስለ ሰጉ በአውሮፕላን ሄድን። የሰባታችንን የደርሶ መልስ ዋጋ ስንደምረው የአንድ የገጠር አስተማሪ የብዙ ወር ደመወዝ ሆኖ አገኘነው። ይህን ሒሳብ የሠራነው ከተመለስን በኋላ መሆኑን አንደብቅም።

ትምህርት ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የበርታ መንደር ውስጥ ነው። የመንደሩን ስም አንጠቅሰውም፤ የምንጽፈው ነገር እዚያ ያሉትን ሰዎች ሊያስወቅስ አይገባምና። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ተነሥተው የሰፈሩ ሰዎች የሚኖሩባቸውን፣ ዛሬም «አምባ» እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩትን መንደሮች እያለፍን፣ የማንጎውን ዛፍና የሽመሉን ጫካ እያደነቅን ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ ደረስን። ሕፃናቱ ከጧት ጀምሮ ተሰልፈው ኖረዋል። ዙምባራ ተነፋ፣ ሴቶች እልል አሉ፣ ፍየል ታረደ። ሁለት ክፍሎች ጎበኘን፤ እነዚህ እኛ ያሠራናቸው ናቸው። በግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም የማኅበራችን ስም ተጽፏል። ከሥሩ ቆመን ፎቶግራፍ ተነሣን። አንዲት ትንሽ ልጅ ከሰልፉ ተጠርታ በመካከላችን እንድትቆም ተደረገ፤ ፀሐዩ ዐይኗን ስለ ወጋት ፊቷን አጨማዳለች። በሰሌዳው ላይ የምታዩት ይህንኑ ነው።

ምሳ ሲቀርብ ከወላጆች ኮሚቴ አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ተቀመጡ። «ልጆቼ፣ ስንት ቀን ትቀመጣላችሁ?» ብለው በአማርኛ ጠየቁን። «አባታችን፣ ዛሬ አሶሳ አድረን ነገ እንመለሳለን» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው ገንፎው ሳይበርድ ብሉ» አሉን። የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ነበር፤ ደግሞም ግሩም ነበር። ኋላ ከእሳቸው እንደ ተረዳነው፣ ለሁለቱ ክፍሎች ድንጋዩንና አሸዋውን ያጋዙት የመንደሩ ወንዶች ናቸው፤ ሲሚንቶው የተቦካበትን ውሃ ደግሞ ሴቶቹ ከወንዝ በጀሪካን እየተሸከሙ ሳምንታት ሙሉ አመላልሰዋል። እኛ ቆርቆሮውን፣ ሲሚንቶውንና የአናጢውን ዋጋ ነው የከፈልነው። በግድግዳው ላይ ግን የእነርሱ ስም የለም። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩን ቅሬታ አልነበረባቸውም፤ ቤቱ እንዴት እንደ ተሠራ ስለ ጠየቅናቸው ብቻ ነገሩን።

ከምሳ በኋላ ዳሬክተሩን አንድ ክፍል ሲማር ለማየት እንዲፈቅዱልን ለመንናቸው። «ዛሬማ ትምህርት የለም፤ እናንተን ልንቀበል አይደለም እንዴ?» አሉን በፈገግታ። ትናንትስ? ትናንት ግቢው ሲጠረግና መዝሙር ሲጠና ዋለ። ከትናንት ወዲያስ? ዳስ ሲጣል ዋለ። ሦስት ቀን መሆኑ ነው! ትምህርት ይስፋፋ ብለን የሄድን ሰዎች ሦስት ቀን ትምህርት አዘጋን። አንድ ባለ ሥልጣን በመጣ ቁጥር ተማሪ ፀሐይ ላይ መሰለፉን በየጉባኤው ስንነቅፍ የኖርን እኛው ነን፤ ለእኛ ሲሰለፍ ግን እጃችንን እያውለበለብን አለፍን። ማንም ክፉ አላሰበም። እንግዳ ማክበር የአገሩ ወግ ነው፤ ጥፋቱ እንግዳው ሳይታሰብበት የሥራ ቀን መምረጡ ነው።

ለሥራችን የሚገባውን ምስጋና ግን አንነፍገውም። ከዚህ በፊት ልጆቹ የሚማሩት ከሽመልና ከሣር በተሠራ ዳስ ውስጥ ነበር። አሶሳ ዝናሙ ረዥም ነው፤ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሊዘልቅ ይችላል። ዳሱ ሲያፈስ አስተማሪው ልጆቹን ወደየቤታቸው ይልካል፤ ጥቁር ሰሌዳውንም ተሸክሞ ያሸሻል። አሁን ዝናም ቢመጣ ትምህርቱ አይቋረጥም። በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የአስተማሪው ድምፅ አይሰማ ይሆናል፤ ቢሆንም ልጆቹ በደረቅ ቦታ ይቀመጣሉ። ይህን አቃልለን አናየውም።

ሆኖም ክፍሎቹ ውስጥ ገብተን ከአስተማሮቹ ጋር ስንጫወት የሰማነው ሌላ ነው። ለሁለት ክፍል አንድ አስተማሪ ብቻ የተመደበበት አለ፤ በአንደኛው ሰሌዳ ላይ ጽፎ በሩን ከፍቶ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። ከሩቅ አገር የሚመደበው አስተማሪ ቤት ስለማያገኝ ዓመቱን ሳይጨርስ ዝውውር ይጠይቃል። የሽንት ቤቱ መዝጊያ ስለ ወደቀ ከፍ ከፍ ያሉት ልጃገረዶች ቀኑን ሙሉ ተቸግረው ይውላሉ፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ይቀራሉ። ከአምስተኛ ክፍል በላይ ያሉት ወንዶች ደግሞ ዝናሙ ሲያባራ ወደ ወርቅ ቁፋሮ ይሄዳሉ። ይህ አገር ለወርቁ ሲባል ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ከግብፅ በኩል ሠራዊት የዘመተበት አገር ነው፤ ዛሬም አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በአንድ ጥሩ ቀን በገበቴ የሚያጥበው ወርቅ ከአስተማሪው ደመወዝ ጋር ሲተያይ ትምህርት ቤቱ ይረታል። ለዚህ እኛም መልስ አልነበረንም፤ ዝም ብለን ሰማን።

የቋንቋው ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ አሳስቦናልና ትንሽ እንቆይበት። በክልሉ የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረውና ዓለም ባደነቀው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ 15 ቋንቋዎች ሲሠራባቸው በርታና ጉሙዝ አልነበሩበትም። ዛሬ የበርታ ቋንቋ በላቲን ፊደል ተጽፎ በአንደኛ ደረጃ ይሰጣል፤ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ባየነው ትምህርት ቤት መጽሐፉ ለብዙ ልጅ አንድ ሆኖ፣ ገጾቹም ተገንጥለው አለቁ። ከአስተማሮቹ አንዱ በአምባ የተወለደ የሰፋሪ ልጅ ነው፤ የበርታን ቋንቋ የተማረው ገበያ ላይ መሆኑን ሲነግረን ሳቀ። ይህ ሰው በእኛ ዘንድ ከብዙ የሥነ ትምህርት ሊቅ ይበልጣል፤ የሚያስተምረው ግን በቃሉ እያስጠና ነው።

እኛስ? ሰባት ሆነን ስንሄድ ከመካከላችን አንድ እንኳን የበርታን ቋንቋ የሚያውቅ አልነበረም። የሚያሳፍረው፣ በዚሁ ግቢያችን፣ በእኛው መኝታ ቤቶች ከአሶሳና ከመንጌ የመጡ ተማሮች አሉ። ኮሚቴው ለጉዞው ሰው ሲመርጥ ማንም አልጠየቃቸውም። ከተመለስን በኋላ አንዷን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በስልካችን የቀረፅነውን የልጆቹን የአቀባበል መዝሙር አሰማናት። አንድ ጊዜ ሰምታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ዳር ላይ የቆሙት ትልልቆቹ ልጆች በመዝሙሩ መካከል የራሳቸውን ቃል ጨምረውበት ኖሯል፤ «እንግዶች ሆይ፣ ቶሎ ብሉ፤ ፍየሎቻችን ማሽላ ውስጥ ገቡ» ማለታቸው ነው። እኛ በጊዜው አጨብጭበን «ይደገም!» ብለን ነበር።

ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሮች ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ ገጥመውታል። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የዲግሪ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ግዴታ ያደርግ ነበር፤ አብዛኛውም የሚላከው በአስተማሪነት ነው። ሁሉም በደስታ ሄደ አንልም። ቢሆንም አንድ ዓመት የተቀመጠ ሰው ዝናሙንም፣ የደመወዙን መዘግየትም፣ የልጆቹን ስምም ያውቃል። በዚያው ዘመን በስዊድን መንግሥት ርዳታ የገጠር ትምህርት ቤቶች ሲሠሩ የአካባቢው ሕዝብ ድርሻውን ያዋጣ ነበር፤ ድርሻውም እንደ ድርሻ ይቆጠርለት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የዘመቱት ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሮችና አስተማሮች ታሪክ ሌላ ነው፤ እሱን እዚህ አናነሣውም።

የተቃራኒው ምሳሌ ደግሞ በዚያው ክልል፣ በመተከል ይገኛል። በ1970ዎቹ መጨረሻ በጣልያን መንግሥት ገንዘብ የተቋቋመው የጣና በለስ ፕሮጀክት ፓዌ ላይ ለሰፋሪዎች መንገድና ሆስፒታል ሠራ፣ በትራክተርም ሰፊ መሬት አረሰ። መሬቱ የጉሙዝ ሕዝብ የሚያድንበትና የሚያርስበት ጫካ ነበር፤ የጠየቀውም አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ውጭ አገር ሰዎቹ ሄዱ፤ ብዙው መሣሪያ ያለ ሠራተኛ ቀረ። ሰው የተመደበለት ሆስፒታል ግን ዛሬም በሽተኛ ይቀበላል።

አሁን ወደ ጉባኤው እንምጣ። ከኮሚቴው ጓደኞቻችን አብዛኞቹ ሦስተኛ ክፍል ይሠራ የሚል ሐሳብ አላቸው። ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው የሚታይ ነገር ይወዳል፤ ቤት ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የመጽሐፍ ገጽና የሽንት ቤት መዝጊያ ግን ለማሳየት አይመቹም። አንድ የምናከብራቸው መምህርም «አስተማሪ መቅጠርና መጽሐፍ ማተም የመንግሥት ሥራ ነው፤ እናንተ ያንን ከጀመራችሁ መንግሥት እጁን ይሰበስባል» ብለውናል። እውነት አላቸው፤ ደመወዝ እንክፈል ማለታችንም አይደለም። ነገር ግን ክፍል መሥራትስ የመንግሥት ሥራ አይደለምን? ከሁለቱ የመንግሥት ሥራዎች አንዱን ከመረጥን፣ የመረጥነው ስለሚያምር ነው ወይስ ስለሚያስፈልግ? በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ነበሩ። እነዚያ ልጆች የወደቁት ጣራ ስላልነበራቸው ብቻ ነው የሚል ሰው ይኖራል ብለን አናምንም።

ዘመኑም የሚያስታውሰን ነገር አለ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳኑ ጦርነት ምክንያት ብዙ ሕዝብ በኩርሙክ በኩል ወደዚሁ ክልል ገብቷል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን አቋረጠ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ዩኤስኤይድ የተባለው መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ። ሩቅ ባለ ከተማ በተፈረመ አንድ ወረቀት በየገጠሩ ብዙ ሥራ እንደ ቆመ አይተናል። የእኛ ሣጥን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው፤ ግን ሣጥኑ ባዶ ቢሆን እንኳን የማይቆም ነገር ብንጀምር ይሻላል።

ስለዚህ በበኩላችን ለሦስተኛው ክፍል ድምፅ አንሰጥም። የሽንት ቤቱ መዝጊያ ይጠገን፤ የልጃገረዶቹም ለብቻው ይሁን። ይህን ጋዜጣ የሚያባዛው ማሽን ከወር ሃያ አምስቱን ቀን ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ የክልሉን ትምህርት ቢሮ አስፈቅደን የበርታውን የንባብ መጽሐፍ ገጾች እናባዛበት፤ ወረቀቱን ከሣጥኑ እንግዛ። በሚመጣው ጊዜ የሚሄዱት ሰባት ሳይሆኑ ሁለት ይሁኑ፤ ቋንቋውን የሚያውቁ ይሁኑ፤ ቢያንስ አንድ ወር ይቀመጡ፤ የተገነጠለውን መጽሐፍ ከአስተማሮቹ ጋር ይጠርዙ፤ ከልጆቹም ጋር ያንብቡ። ያቺ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እሄዳለሁ ብላናለች፤ ጓደኛ እየፈለገች ነው። ዳሬክተሩም ስንሰናበታቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመኑን፤ «ሁለተኛ ስትመጡ ቅዳሜ ቢሆን» አሉን።

ጉባኤው ሐሙስ ከቀኑ በ11 ሰዓት ነው። የሦስተኛውን ክፍል ሐሳብ የሚደግፉ ጓደኞቻችን መጥተው ይሟገቱን፤ የሒሳቡን መዝገብ ይዘን እንገኛለን። የሰሌዳውን ፎቶግራፍ ግን እስከዚያ ሳንቆይ እናወርደዋለን፤ ያቺን ልጅም ሆነ ወላጆቿን ፈቃድ የጠየቀ አልነበረምና።