ሽሪምፕ የጾም ምግብ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ በተለይም ለትምህርትና ለሥራ ከአገር የራቃችሁ ወጣቶች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከራሴ በደል ተነሥቼ ነው።

በቻይና፣ በቢጫ ባሕር ዳር በምትገኘው በቺንግዳዎ ከተማ ስማር ሳለሁ፣ በጾመ ነቢያት በአንዱ ምሽት ቻይናውያን ባልንጀሮቼ እራት ጋበዙኝ። ከአገር ቤት በመጣ በመጀመሪያ ዓመቱ ላይ የነበረ አንድ ታናሽ ወንድማችንም አብሮኝ ነበረ። በምግብ ቤቱ መግቢያ በመስታወት ገንዳዎች ውስጥ ሸርጣኑ፣ ሽሪምፑ፣ ባለ ዛጎሉ ሁሉ በሕይወቱ ይንቀሳቀሳል። እንግዳው በጣቱ ያመለክታል፤ አስተናጋጇ ትመዝናለች፤ ጥቂት ቆይቶ በእንፋሎት በስሎ በሚሽከረከረው ክብ ገበታ ላይ ይቀርባል። ጋባዡም መልካም መልካሙን እያነሣ በእንግዳው ሳህን ላይ ያኖራል፤ ይህን እምቢ ማለት እንደ እኛ ጉርሻ ያሳፍራል። (ከተማዋ በቢራዋ የታወቀች ናትና ቢራውም አልቀረም፤ የእርሱን ነገር ለሌላ ጊዜ ላቆየው።)

የማንበላው ነገር እንዳለ ስንጠየቅ ወንድሜ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ። እኔም «ሥጋና ወተት አንበላም፤ የባሕር ግን የጾም ነው» አልሁ። ከጋበዙን አንዷ «ሽሪምፕስ ነፍስ የለውም?» ብላ ጠየቀችኝ። አያቷ የቡድሃ እምነት ተከታይ ናቸው። በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ከሥጋ ይከለከላሉ፤ ይህንንም «ቺ ሱ» ይሉታል። በዚያን ቀን ዓሣም ሽሪምፕም አይቀምሱም፤ አጥባቂዎቹማ ነጭ ሽንኩርት እንኳ ይተዋሉ። የምመልሰው አጣሁ። ግን በላሁ። ወንድሜም እኔን አይቶ በላ።

ማመካኛዎቻችንን ታውቋቸዋላችሁ። «ዓሣ የጾም ነው» እንላለን፤ በአገር ቤት ያሉ አንዳንድ ምግብ ቤቶችም በዚህ ያግዙናል። ነገር ግን ሽሪምፕና ሸርጣን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የተጠቀሰው ክንፍና ቅርፊት የላቸውም። እናቶቻችን በፍስክ ቀን የማያነሡትን እኛ በጾም ቀን የምንበላው በማን ፈቃድ ነው? ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾም የሥጋን ፈቃድ ለነፍስ ለማስገዛት እንደ ሆነ ያስተምራል፤ ያ ምሽት ግን ሥጋ ከመብላት ይልቅ የደላኝ ምሽት ነበር።

«ግሪኮች ኦርቶዶክሳውያን አይደሉምን? እነርሱ ይበሉ የለምን?» የሚልም አለ። እውነት ነው፤ ደም የለውም ብለው ባለ ዛጎሉን በጾም ይፈቅዳሉ። ነገር ግን እነዚያው ግሪኮች በጾማቸው በብዙዎቹ ቀናት ዘይትና ወይን ይተዋሉ። እኛ ከሥርዓታቸው ሽሪምፑን ብቻ መርጠን ስንወስድ፣ የወሰድነው ሥርዓታቸውን ነው ወይስ ሳህናቸውን?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ለጴጥሮስ የታየውን ራእይ የሚጠቅስ ደግሞ ጥቂት ቁጥር ዝቅ ይበልና ጴጥሮስ ራሱ ራእዩን ስለ ሰዎች እንደ ተረጐመው ያንብብ። ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 10 የቀረበውን ሳይመረምሩ መብላትን ይፈቅዳል፤ ሆኖም በምዕራፍ 8 ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ለዘላለም ሥጋ እንደማይበላ ተናግሯል። ይህን ምዕራፍ ከዚያ እራት በፊት ስንት ጊዜ አንብቤው ነበር! በዐቢይ ጾም ያን ወንድሜን በተማሪዎች መመገቢያ ዶሮ ሲበላ አገኘሁትና ልገሥጸው ጀመርሁ። «አንተም በልተህ አልነበር?» አለኝ።

ጾሙን መጾም ያቃተው ክርስቲያን «አልቻልሁም» ብሎ ወደ ንስሐ አባቱ ይቅረብ፤ መድኃኒቱ ቅርብ ነው። የተሻረውን ጾም «አልሻርሁም» ብሎ ስም የለወጠ ግን ምን ብሎ ይናዘዛል? እኔ ለወራት ያልተናዘዝሁት ጾም የሻርሁ ስላልመሰለኝ ነበር።

በቻይና የምትኖሩ «ዎ ቺ ሱ» ማለትን ተማሩ፤ ከሥጋ እከለከላለሁ ማለት ነው። ቅጠላ ቅጠሉ በአሳማ ስብ ወይም በኦይስተር ሶስ እንዳይሠራም አስቀድማችሁ ንገሩ። እኔ በሚቀጥለው ዓመት ይህን ስናገር ጋባዦቼ ምንም ሳይከራከሩኝ ገበታውን አዙረው ቶፉውንና እንጉዳዩን በፊቴ አቆሙልኝ፤ ስለምን እንደምጾምም ጠየቁኝ፤ እስከ እኩለ ሌሊት ስለ ነቢያት ተጨዋወትን። ያ ታናሽ ወንድሜ ግን በዚያ ገበታ አልነበረም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።