ለእግር መንገደኛ የሚሆን ምድጃና ድስት

ልጁን ስንቅ አስይዞ ወደ ሩቅ መንገድ የሚሸኝ ወላጅ፥ ልጁ በደኅና እስኪመለስ ድረስ ልቡ አብሮ እንደሚጓዝ የታወቀ ነው። በጋምቤላ ከተማ የሚኖሩ አንድ አባት የላኩልን ደብዳቤ ከዚህ ሐሳብ የመነጨ ስለ ሆነ፥ ለእርሳቸው የምንሰጠው መልስ ሌሎችንም ቤተሰቦች ይጠቅም ዘንድ በዚህ ወር ዐምዳችን አቅርበነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ18 ዓመት ወጣት የሆነው ልጃቸው ባለፈው ዓመት ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር በእግር ተጉዞ በድንኳን ያድር ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ያልታሰበ ዝናም ቢመጣባቸው፥ በውጭ ይነድ የነበረውን የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳኑ አስገብተው በሩን ዘግተው ተኙ። ከመካከላቸው አንዱ ራሱን አሞት ተነሥቶ በሩን ሲከፍት፥ ሁለቱ ባልንጀሮቹ ቢጠራቸው የማይሰሙ ሆነው አገኛቸው። እየጎተተ ወደ ውጭ አወጣቸውና በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፉ። ዘንድሮ ደግሞ በታኅሣሥ ወር ከአቦቦ ቆላ ተነሥተው ወደ መዠንግር ደን የሦስት ቀን መንገድ ሊሄዱ አስበዋል። አባትየውም «ከሰሉን ትተው የሚይዙት ቀላል ምድጃ የትኛው ነው? ድስቱስ ምን ዐይነት ይሁን?» ሲሉ ጠይቀውናል።

ክቡር አባት ሆይ፥ አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያሉት በዚህ ነገር ላይ እውነት ሆኖ ይገኛል። ልጆቹን ለሞት አድርሷቸው የነበረው የምድጃው ዐይነት ሳይሆን እሳቱ የተቀመጠበት ስፍራ ነውና። ማናቸውም እሳት በቂ አየር በማያገኝበት ስፍራ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ የተኛውን ሰው ሳያነቃው ይገድለዋል። ከሰል መርዙን አብዝቶ ያወጣል፤ ነገር ግን ጋዝም፥ ላምባም፥ አልኮልም ቢሆኑ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ከዚህ አደጋ ነጻ አይደሉም። ስለዚህ አዲስ ምድጃ ከመግዛትዎ በፊት ልጅዎን ይህን አንድ ቃል ያስጠብቁት፤ ዝናም ቢዘንብም ብርድ ቢበረታም እሳት ወደ ድንኳን አይገባም። ዝናሙ ከጠና ምድጃውን ዙሪያው ክፍት በሆነ ሸራ ሥር ማኖር ነው፤ ይህም ካልተቻለ የዚያን ዕለት ራት በሶ ይሁን።

ከዚህ ቀጥሎ ከምድጃው አስቀድሞ የሚታሰበው ድስቱ ነው። በቆላ አገር ድስት ለወጥ ብቻ ሳይሆን ለመጠጥ ውሃም ያገለግላልና። ባለፉት ዓመታት በአገራችን የጊኒ ትል በሽታ በተለይ የታየው በጋምቤላ ክልል በአቦቦና በጎግ ወረዳዎች ነው። በሽታው በኩሬ ውሃ ውስጥ በሚኖሩ፥ ለዐይን እጅግ ደቃቅ በሆኑ ፍጥረታት አማካይነት ከውሃው ጋር ይጠጣል። ትሉም በሰውነት ውስጥ አድጎ አንድ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ቆዳን ቀዶ ይወጣል። ክትባትም ፈዋሽ መድኃኒትም ስለሌለው መከላከያው ውሃውን ማጥለል ወይም ማፍላት ነው። የተቅማጥ በሽታዎችን የሚያመጡ ተሕዋስያንም በሚገባ በፈላ ውሃ ይሞታሉ። ውሃው እየተንተከተከ አንድ ደቂቃ ይቆይ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ግን ሦስት ደቂቃ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ለሦስት ሰዎች ሁለት ሊትር የሚይዝ ድስት ይበቃል። ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ የሰፋ ቢሆን ነበልባሉ በጎኑ ሳያመልጥ ከሥሩ ይቀራል፤ በምድጃውም ላይ ሳይንገዳገድ ይቀመጣል። ታይታኒየም ከሚባለው ብረት የተሠራው እጅግ ቀላል ነው፤ ሆኖም ዋጋው ውድ ነው፤ ሙቀቱንም በእኩል ስለማያሰራጭ ሽሮ ከሥሩ ያርርበታል። የማይዝገው ብረት ጠንካራ ቢሆንም ይከብዳል። ስለዚህ ሥሩ ጥቂት ወፈር ያለ የአሉሚኒየም ድስት ለእኛ ምግብ ይስማማል። ክዳኑ በሚገባ የሚገጥም ይሁን፤ ያለ ክዳን የሚፈላ ውሃ ብዙ ነዳጅ በከንቱ ያስፈጃልና።

አሁን ወደ ምድጃው እንመለስ። በጋዝ ጣሳ ላይ የሚጠመዘዘው ትንሹ ምድጃ ብቻውን ከ100 ግራም የማያልፍ አለ፤ ገዢውንም የሚያታልለው ይህ ነው። መንገደኛው የሚሸከመው ምድጃውን ብቻ ሳይሆን ነዳጁንም ነውና በአንድነት ይመዘኑ። አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት 12 ግራም ያህል ጋዝ ይፈጃል። ሦስት ሰዎች በጋምቤላ ሙቀት እያንዳንዳቸው በቀን አራት ሊትር ቢጠጡ፥ 12 ሊትሩን ሁሉ ለማፍላት በየቀኑ 150 ግራም ያህል ሊያስፈልግ ነው። እንዲህ ከሆነ 230 ግራም ጋዝ የያዘ ጣሳ ሁለት ቀን እንኳ አይደርስም። ደግሞም ጣሳውን በአውሮፕላን መውሰድ የተከለከለ ነው፤ በጠራራ ፀሐይም ሊተዉት አይገባም፤ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ካለፈ ሊፈነዳ ይችላልና። የነፋስ መከላከያም ቢደረግለት ጣሳውን ዙሪያውን አይክበበው።

አልኮል የሚያነደው ምድጃ ቀላልና የማይበላሽ ነው። ነገር ግን የአልኮል ሙቀት በክብደት ሲመዘን ከላምባ ሙቀት ስድስት ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ብዙ መያዝ ያሻል። ከዚህ የሚከፋው፥ ነበልባሉ በቀን ብርሃን አለመታየቱ ነው። ጠፍቷል ብሎ አልኮል የሚጨምርበት ሰው እጁንና ፊቱን ያቃጥላል።

በግፊት የሚሠራው የላምባ ምድጃ፥ ማለት ፕሪመስ፥ በስዊድን አገር በ1892 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። አሙንድሰን በ1911 እ.ኤ.አ. ወደ ደቡብ ዋልታ በተጓዘ ጊዜ ከጓዙ መካከል ነበር። ከጋዙ ምድጃ ይከብዳል፤ መርፌውንም መጥረግ ያሻል፤ ነገር ግን ላምባ የሚፈልጉትን ያህል ብቻ ተቀድቶ በጠንካራ ዕቃ ሊያዝ ይችላል። ላምባውን ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ወይም በእርሱ ፈንታ ቤንዚን መጨመር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ምድጃውን ያፈነዳዋልና።

ስለዚህ ለልጅዎ የምንመርጥለት ይህ ነው። አስቀድሞ በከተማው ገበያ ዘወትር የሚገኘው ነዳጅ የትኛው እንደ ሆነ ይጠይቅ። ላምባ ከተገኘ ትንሽ ፕሪመስ ይያዝ፤ የጋዝ ጣሳ ከተገኘም ለሦስት ቀን መንገድ መልካም ነው። የመጠጡን ውሃ ሁሉ በምድጃ አፍልቶ ለመጨረስ ግን አያስብ። ከተቻለ ከጉድጓድ ቧንቧ ይቅዳ፤ ካልተቻለ ጥቅጥቅ ባለ ንጹሕ ጨርቅ በጥንቃቄ አጥልሎ፥ ውሃ አጋርን የመሰለ መድኃኒት በመጠኑ ጨምሮ 30 ደቂቃ ያቆየው። ማጥለሉ ይቀድማል፤ የጊኒ ትልን የሚያስቀረው እርሱ ነውና። እንዲህ ካደረገ ለምግቡና ለሻዩ በቀን አራት ሊትር ቢያፈላ 50 ግራም ያህል ነዳጅ ይበቃዋል።

ስንቁም ነዳጅ የሚቆጥብ ይሁን። ጊዜው ጾመ ነቢያት ስለ ሆነ በሶ፥ ቆሎ፥ ሽሮና ምስር ክክ ይበቃሉ። በሶ እሳት አይሻም፤ ሽሮ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ምስር ክክም ማለዳ በውሃ ተዘፍዝፎ ቢውል ማታ ሳያስቸግር ይበስላል። በዚህ ረገድ ቆላው ይረዳቸዋል፤ በጋምቤላ ውሃ የሚፈላው በ98 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፥ በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ እህሉ ይዘገያል።

በታኅሣሥ የቆላው ሣር መድረቅ ይጀምራልና ምድጃው የሚቀመጥበት መሬት ዙሪያውን ሁለት ርምጃ ያህል ይመንጠር፤ ነበልባል ሳለም ምድጃው ያለ ጠባቂ አይተው።

በመጨረሻም፥ ከመንገዱ ቀን በፊት ሦስቱም ልጆች በእርስዎ ግቢ ምድጃውን ለኩሰው አንድ ሽሮ ይሥሩበት፤ እርስዎም አብረው ይቅመሱ። ነዳጁን ሲቀዱ፥ ሲለኩሱና ሲያጠፉ እጃቸውን ይመልከቱ። ድንኳኑንም አስተክለው «ዝናም መጣ፤ ምድጃውን ወዴት ትወስዱታላችሁ?» ብለው ይጠይቋቸው። መልሳቸው «በውጭ ይቆያል» የሚል ከሆነ፥ ያን ጊዜ ያለ ሥጋት መርቀው ይሸኟቸው።