በወር 10 ዶላር ለኮስፕሌይ፦ ያዋጣል?

የ19 ዓመት ልጅ ለአንዲት ልብስ ሰፊ በየወሩ 10 ዶላር ይከፍላል። ልብስ ግን አትሰፋለትም። ይህን የጻፈልኝ ሜሪላንድ የሚኖር የዚህ ቻናል ተከታታይ ነው፤ ልጁ ታናሽ ወንድሙ ነው። የባንክ ወረቀቱን አይቶ ደንግጦ ሲጠይቀው "ለኮስፕሌይ ነው" አለው። "ይሄ ልጅ ጤነኛ ነው?" ይለኛል። ልጁ ጤነኛ ነው። ገንዘቡ ያዋጣል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱን የሚወስነው የሚከፍለው ለምን እንደሆነ ነው።

ለማታውቁት፣ ኮስፕሌይ ማለት የአኒሜ፣ የቪዲዮ ጌም ወይም የፊልም ገጸ ባሕርይን ልብስ ሠርቶ፣ ለብሶ፣ እሱን መስሎ መታየት ነው። ስያሜው በ1980ዎቹ ጃፓን ውስጥ የወጣ ነው። ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ናጎያ ከተማ ላይ የዓለም የኮስፕሌይ ጉባኤ ይካሄዳል። ከሩቅ ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ከቅርብ ሲያዩት ግን ሙያ ነው። ያ ብረት የሚመስለው ጥሩር አብዛኛውን ጊዜ ፎም ነው፤ የጫማ ሶል የሚሠራበት ዓይነት። በሞቃት አየር ይለሰልሳል፣ ይታጠፋል፣ ልክ እንደ ጫማ ሠሪዎቻችን ማስቲሽ በሁለቱም ወገን ተቀብቶ ትንሽ ደርቆ ይጣበቃል፣ ከዚያ ቀለም ይቀባል። ዊጉ አለ፣ ስፌቱ አለ፣ ፎቶው አለ። አንድ ልብስ ወራት ሊወስድ ይችላል። ገጸ ባሕርይዋ የሌላ ኩባንያ ንብረት ስለሆነች ደግሞ ልብሱን ፋብሪካ አስገብቶ እንደልብ መቸርቸር አስቸጋሪ ነው።

ታዲያ ሠሪዋ በምን ትኑር? ፔትሪዮን የመጣው እዚህ ላይ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጃክ ኮንቴ ሙዚቀኛ ነው። ብዙ ወጪ አውጥቶ ለሚሠራው ቪዲዮ ከዩቲዩብ ማስታወቂያ የሚያገኘው ገቢ እዚህ ግባ የማይባል ሆነበትና በ2013 አድናቂ በቀጥታ የሚከፍልበትን መንገድ ከጓደኛው ጋር ጀመረ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 ኬቪን ኬሊ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ አንድ ሒሳብ አስቀምጦ ነበር፦ አንድ ባለሙያ ዝነኛ መሆን አያስፈልገውም፣ በዓመት 100 ዶላር የሚያወጡለት 1,000 እውነተኛ አድናቂዎች ካሉት 100,000 ዶላር ያገኛል። የሜሪላንዱ ልጅ በዓመት 120 ዶላር ይከፍላል። በኬሊ ሚዛን ከሺዎቹ አንዱ ነው ማለት ነው።

እኛ ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። አዝማሪ ቤት ገብቶ ግንባር ላይ ብር የለጠፈን ሰው "በብሩ ምን አገኘህ?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስሙ በግጥም ተነሣ፣ ጓደኞቹ ሳቁ፣ አለቀ። ቲክቶክ ላይቭ ላይም ሌሊቱን ሙሉ ጽጌረዳና አንበሳ ሲወረወር እናያለን፤ አብዛኛውን የሚወረውረው ደግሞ ውጭ አገር ያለው ወገናችን ነው። የወር ክፍያው ከሁለቱም የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ለአዝማሪው የሚሰጥ ሰው በየምሽቱ አስቦ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው የሚሰጠው። ፔትሪዮን ላይ አንድ ቀን ተወስኖ ከዚያ ካርዱ ብቻውን ይሰጣል። ሰውየው ገጹን ከከፈተ ሦስት ወር ሆኖት ሊሆን ይችላል፤ ካርዱ ግን አልረሳም።

እንግዲህ ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን እንየው። ልጁ ራሱ ልብስ የሚሠራ ከሆነ፣ ሠሪዋም የልኬት ወረቀት (ፓተርን)፣ የአሠራር ቪዲዮና የቁሳቁስ ዝርዝር የምታወጣ ከሆነ 10 ዶላር ርካሽ ነው። በስህተት የተቆረጠ አንድ ትልቅ ፎም ከዚያ በላይ ያስወጣል። ግን ያኔም ቢሆን በየወሩ መክፈል ላያስፈልገው ይችላል። ብዙዎቹ ገጾች ላይ ዛሬ የገባ ሰው በከፈለበት እርከን የቆየውን ሁሉ ማየት ይችላል። አንድ ወር ከፍሎ፣ የሚያስፈልገውን አይቶና ተምሮ ወጥቶ፣ አዲስ ሥራ ሲመጣ መመለስ ነውር አይደለም። አንዳንዶቹ ደግሞ ዕውቀታቸውን አንዴ በሚገዛ መልክ ያቀርባሉ፤ ካሙይ ኮስፕሌይ በሚል ስም የሚታወቁት ጀርመን ያሉ ባልና ሚስት ስለ ጥሩር አሠራር መጻሕፍትና ፓተርኖች ይሸጣሉ። ለሚማር ሰው ይህ ከወር ክፍያ ይሻላል ባይ ነኝ።

ልጁ የሚያየው ፎቶ ብቻ ከሆነስ? ሒሳቡ ይለወጣል። ጥሩ ጥሩው ፎቶ ብዙ ጊዜ ኢንስታግራም ላይ በነፃ ይወጣል፤ በክፍያ የሚገኘው ቀድሞ ማየትና ተጨማሪ ፎቶ ነው። ያኔ ክፍያው ግዢ ሳይሆን ሽልማት ነው። ሽልማት ደግሞ ዝቅተኛው እርከን ላይም ሽልማት ነው፤ 3 ዶላርም ያው ምስጋና ነው። በ50 ዶላር እርከን "ፊርማ ያለበት ፎቶ በፖስታ ይላክልዎታል" የሚለውን እኔ አልመክርም።

ለማድነቅ የሚከፍል ሰው ደግሞ ብሩ የት እንደሚደርስ ማወቅ አለበት። ፔትሪዮን ከነሐሴ 2025 ወዲህ ከሚጀምሩ ሠሪዎች 10 በመቶ ይወስዳል፣ የካርድ ማስተናገጃው ለብቻው ነው። በአይፎን አፕ ውስጥ የተከፈለ እንደሆነ አፕል 30 በመቶ ድረስ ይቆርጣል፤ ይህን ለማካካስ ብዙ ጊዜ ዋጋው ራሱ አፑ ላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ያው ገጽ በስልክና በኮምፒውተር ሁለት ዋጋ ሊኖረው ይችላል። በኮምፒውተር ድረ ገጹ ላይ ገብቶ መክፈል ይህን ያስቀራል፤ ለሁለቱም ወገን።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ሦስተኛ ዓይነት ክፍያ አለ፤ ለቅርበት የሚከፈል። "የግል መልእክት እመልሳለሁ" የሚል እርከን። ከኮስፕሌይ ሠሪዎች ጥቂት የማይባሉት ኦንሊፋንስ ላይም አሉ፤ ድርጅቱ 20 በመቶ ይወስዳል። እዚያ ላይ ብዙ ተመዝጋቢ ያላቸው ሰዎች መልእክቱን ራሳቸው እንደማይጽፉ፣ ኤጀንሲ የቀጠራቸው ጸሐፊዎች በስማቸው እንደሚመልሱ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። በ2024 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመዝጋቢዎች በዚሁ ጉዳይ ተታለልን ብለው ክስ መሥርተዋል። ሠሪዋን አልኮንንም፤ አምስት ሺህ ሰው "እንዴት አደርሽ" ቢላት ለማን ትመልስ? ግን ሌሊት ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ሆኖ መልስ የሚጠብቅ የ19 ዓመት ልጅ የሚያወራው ከማን ጋር እንደሆነ አያውቅም። እዚያ ላይ 10 ዶላሩ ቀርቶ 1 ዶላሩም ውድ ነው።

ታላቅ ወንድምየው በደብዳቤው መጨረሻ ላይ "በዚህ ገንዘብ አገር ቤት ስንት ነገር ይሠራ ነበር" ብሏል። እውነት ነው፣ ይሠራ ነበር። ግን ይህን ጥያቄ ለስታርባክስ ቡና፣ ለስኒከርና ለኔትፍሊክስ አናነሣም፤ የምናነሣው ልጁ የወደደው ነገር እኛን ሲያሳፍረን ነው። ባንክ ወረቀት ከመበርበር ይልቅ "እስኪ አሳየኝ" ቢለው በአንድ ደቂቃ ያውቃል። ልጁ ስክሪኑን በደስታ አዙሮ ጥሩሩ እንዴት እንደተሠራ ማስረዳት ከጀመረ ይተወው፤ እንዲያውም የልደቱን ስጦታ ፎምና ማስቲሽ ያድርግለት። ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠ ግን ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ ብቸኝነቱ ነው ማውራት ያለባቸው፤ በቁጣ አይደለም ታዲያ።

አገር ቤት ላላችሁት ሒሳቡ ከዚህ ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ሥርዓት በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት 10 ዶላር በባንክ ተመን ወደ 570 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ1,000 ብር አለፈ፣ ዛሬ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። ተራው የኤቲኤም ካርዳችን በብር ስለሚሠራ እዚያ አያገለግልም፤ የሚከፍልላችሁ ሰው የራሱን ኮሚሽን ይጨምራል። በዚህ ሁኔታ ለፎቶ በየወሩ መክፈል አያዋጣም፣ ፊት ለፊት ልንገራችሁ። ለፓተርን ከሆነ ጓደኛሞች ተሰባስባችሁ አንዴ የሚሸጠውን ግዙ።

ቴሌግራም ራሱ ከሰኔ 2024 ጀምሮ ስታርስ የሚባል ገንዘብ አምጥቷል፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ ቻናሎች በእሱ ወርሃዊ ክፍያ እንዲያስከፍሉ ፈቅዷል። ይህ ቻናል አላስከፈለም። ሌላ ቦታ የጀመራችሁ ካላችሁ ግን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስታርስ የሚለውን ንኩ፤ በየወሩ የሚቆረጥ ካለ ከነቀኑ ተዘርዝሮ ታገኙታላችሁ።