ከእምቦጭ የተማረ አትክልተኛ ዘሩን ይመርጣል

እምቦጭ ከትውልድ አገሩ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በዓለም የተሰራጨው በአብዛኛው በአበባው ውበት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ሐይቅን መውረሩ በይፋ ሲታወቅ ዋጋውን የከፈሉት ዓሣ አስጋሪዎችና የሐይቁ ዳር ገበሬዎች ነበሩ። ይህን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ በባዕድ አገር ጓሮው የሚያበቅለውን አበባ ሲመርጥ ከማንም በላይ ሊጠነቀቅ ይገባል።

በኦሃዮ ግዛት፣ ከኮሎምበስ ከተማ ጋር ተያይዛ የምትገኘው ሚነርቫ ፓርክ ጥሩ ምሳሌ ናት። በአካባቢው ጸደይ ሲገባ ከሚያብቡት መካከል ሁለት ቢጫ አበቦች ይገኛሉ። ሁለቱም በተርካፕ ይባላሉ፤ ከጥቁር አዝሙድም ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ጥቁር አዝሙድ ግን በዓመቱ ሲደርቅ እነዚህ በየዓመቱ ከሥራቸው እያቆጠቆጡ ይኖራሉ።

አንደኛው ከአውሮፓ የመጣው ፊካሪያ ቬርና ነው። ቅጠሉ ልብ መሰልና አንጸባራቂ፣ የአበባው ቅጠሎችም ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 12 ናቸው። ጥቃቅን ድንች መሰል ሥሮቹን ጎርፍ እየወሰደ ይዘራቸዋል፤ መሬቱንም እንደ ምንጣፍ ሸፍኖ የአገሩን አበቦች ያፍናል። የኦሃዮ ሕግ ከጥር 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መሸጡንና ማራባቱን ከልክሏል። ሁለተኛው የአገሩ ተወላጅ ራነንኩለስ ሂስፒደስ ነው፤ ቅጠሉ በሦስት የተከፈለ፣ የአበባው ቅጠሎችም 5 ናቸው።

ችግሩ ተወላጁ ትዕግሥት መጠየቁ ነው። ዘሩ ከእናቱ ሲለይ ሽሉ ገና ያልጎለመሰ ነው፤ ለመብቀል ሳምንታት የሚዘልቅ እርጥበትና ቅዝቃዜ ያስፈልገዋል። በጸደይ ዘርቶ ምንም ያላየ ሰው ዘሩ ሞቷል ብሎ ይጥለዋል፤ ከጎረቤት ግቢ የተነቀለ ፈጣን ተክልም ይተካበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በመከር ወራት በሳጥን አፈር ላይ ዘርቶ ክረምቱን ሙሉ ደጅ መተው፣ አለዚያም ከእርጥብ አሸዋ ጋር ደባልቆ በፍሪጅ ማቆየት። የተክሉ ጭማቂ ቆዳ ስለሚያቃጥል በጓንት መያዝ ይበጃል።

አንድ ጓሮ ምን ያመጣል የሚሉ ይኖራሉ። ጎርፍ ግን የአጥር ወሰን አያውቅም። ከጓሮ የወጣ ወራሪ ተክል ሰፈሩን ሁሉ ለዓመታት ነቀላ ይዳርጋል፤ የአገሩን ዘር መጠበቅ ግን የሚጠይቀው አንድ ክረምት ብቻ ነው።