ስኬሊግ ሚካኤል የሲኒማ መድረክ አይደለችም

በአየርላንድ አገር በኬሪ አውራጃ፥ ወደ ስኬሊግ ሚካኤል ደሴት የሚወጣው ሰው ቍጥር በቀን 180 ያህል ሆኖ መወሰኑ የሚያስቈጣቸው ሰዎች አሉ። ክርክራቸውም ዓለም ሁሉ ሊያያት የሚናፍቃትን ደሴት መቈለፍ የባሕር ዳሩን ሕዝብ ከእንጀራው መለየት ነው የሚል ነው። የፖርትማጊ ባለ ጀልባዎች ልጆች እንደሚያሳድጉ የሚክድ የለም። ነገር ግን ተከራካሪዎቹ የሚሸጡት ምን እንደ ሆነ ገና አላስተዋሉም።

ደሴቲቱ ከየብስ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከውቅያኖስ 218 ሜትር ከፍ ብላ የቆመች ዐለት ናት። ከ6ኛው እስከ 8ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን መነኮሳት ገብተውባት ከ600 የሚበልጥ የድንጋይ ደረጃ ሠሩ፤ ኖራና ጭቃ ሳይጨምሩ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየካቡ፥ ጣራው እንደ ጕልላት የሚገጥም በዓት አቆሙ። ስድስቱ እስከ ዛሬ አሉ። የሚጠጡት የተጠራቀመ ዝናም ነበረ። የአባ እንጦንስን ገድል የሰሙ ሰዎች፥ አሸዋማ በረሃ ባይኖራቸው ባሕሩን በረሃ አደረጉት። በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሰሜን ወንበዴዎች አበ ምኔቱን ኤትጋልን ማርከው ወሰዱት፤ እርሱም በረኃብና በጥም ሞተ። መነኮሳቱ በ13ኛው መቶ ዓመት ግድም ወደ የብስ ከተሻገሩ በኋላ ካቡን የጠበቀው የመንገዱ ጭንቅ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2014 እና በ2015 ስታር ዎርስ የተባለው ሲኒማ ከተነሣባት ወዲህ ግን ከኤትጋል ይልቅ የሲኒማውን ጀግና የሚፈልግ መንገደኛ በዛ። (ሲኒማውን የወደደ ይውደድ፤ ጠቡ ከእርሱ ጋር አይደለም።) የሚያስገርመው፥ ሲኒማ ሠሪዎቹ ራሳቸው ኋላ ጎጆዎቹ ባስፈለጓቸው ጊዜ በዲንግል ምድር በባሕር ገደል ላይ አምሳያቸውን ሠሩ፤ ሥራቸውንም ሲጨርሱ አፈረሱት። ለሠሪው አምሳያው ከበቃው፥ ለተመልካቹ ስለ ምን አይበቃውም? በዲንግል የፈረሰው እንደ ገና ሊሠራ ይችላል፤ በስኬሊግ አንድ ካብ ቢናድ ግን የሚመልሰው እጅ የለም። በካቡ ስንጥቅ ውስጥ እንኳ የባሕር ወፎች ይፈለፈላሉ።

ደረጃው ይስፋ፥ ብረት ይተከልበት የሚልም አይጠፋም። በ2009 ሁለት ጐብኚዎች ከዚያ ወድቀው ሞተዋልና ነገሩ እንደ ቀላል አይታይም። ዳሩ ግን ይህ የወጪውን ቍጥር ለመቀነስ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመጨመር እንዴት ይሆናል? መልኳን ብቻ ማየት የሚሻ ሰው፥ ሳይወርዱ ደሴቲቱን ዞረው የሚመለሱ ጀልባዎች አሉለት፤ የእነርሱም ኪራይ ለዚያው ለፖርትማጊ ሰው ይገባል።