«ጥፋተኛ ነኝ» ከማለትህ በፊት

በዚህ አምድ ስለ ገንዘብ፣ ስለ አማቶችና ስለ ልጆች አስተዳደግ ብዙ ተጨዋውተናል። ስለ ፍርድ ቤት ግን አንሥተን አናውቅም። ዛሬ የምናነሣው በሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ የሚኖሩ ባልና ሚስት «ሌላው ይማርበት» ብለው ስለ ፈቀዱልን ነው። ማንነታቸውን የሚገልጡ ነገሮችን ለውጠናል።

ወንድማችን ከአንድ የሠርግ ግብዣ ሲመለስ ሌሊት ላይ ፖሊስ አስቆመው። በመስመር ላይ አራመዱት፤ ጣቢያ ወስደውም በመሣሪያ አስተነፈሱት። ቁጥሩ 0.11 ሆነ። በቨርጂኒያ ሕግ 0.08 ከደረሰ ሰውዬው ጠጥቶ በማሽከርከር ይከሰሳል። ሲነጋ የቀጠሮውን ወረቀት ይዞ ወጣ፤ መንጃ ፈቃዱም ለ7 ቀን ታገደ። ለሚስቱ «መኪናው ተበላሽቶብኝ ጓደኛዬ ዘንድ አደርኩ» አላት።

ምስጢሩን ያወጣው የፖስታ ሳጥኑ ነው። እዚያ አገር የተከሳሽ ስም በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ለሁሉም የተገለጠ ስለሆነ፣ ደንበኛ የሚፈልጉ ጠበቆች ደብዳቤ ያዥጎደጉዳሉ። እህታችን በየቀኑ በባሏ ስም የሚመጣው ፖስታ ሲበዛባት አንዱን ከፈተችው።

ወደ እኛ ቤት ሲመጡ እርሱ ሐሳቡን ቆርጦ ነበር። «ጋሼ፣ ጠጥቻለሁ። ዳኛ ፊት ቆሜ ‹ጥፋተኛ አይደለሁም› ብል ውሸት ነው። ጠበቃም አልይዝም። ጥፋተኛ ነኝ እላለሁ፣ ቅጣቴን ከፍዬ እወጣለሁ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ንግግሩ ልቤን ነካው። ባለቤቴ ግን ቡናውን እየቀዳች፣ «ወንድሜ፣ አትቀየመኝና፣ ለዳኛው ለመናዘዝ የቸኮልከው እውነት ወደህ ነው ወይስ ቤተ ክርስቲያን ሳይሰማ እንዲያልቅልህ? ለእርሷ እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልነገርካትም» አለችው። ሚስቱ አንገቷን ደፍታ ማልቀስ ጀመረች። የዚያን ቀን ስለ ፍርድ ቤቱ ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም፤ መጀመሪያ መነገር ያለበት ለእርሷ ነበርና።

በሌላ ቀን ተመልሰው ሲመጡ ወደ ጥያቄው ገባን። ብዙ አማኞችን የሚያስጨንቅ ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ዳኛው «ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?» ሲል የሚጠይቀው የንስሐ ጥያቄ አይደለም። ክሱን ሳይከራከሩ መቀበልን ወይም ዐቃቤ ሕግ በማስረጃ እንዲያስረዳ መጠየቅን የሚመለከት የሕግ ጥያቄ ነው። «አይደለሁም» ያለ ሰው «አስረዱብኝ» ማለቱ ነው እንጂ ምሎ መመስከሩ አይደለም። ምሎ ከመሰከረ ግን አንዲት ቃል መዋሸት የለበትም፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ሊገርፉት ሲሉ ሮማዊ ዜግነቱን ጠቅሷል፣ ወደ ቄሣርም ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 22 እና 25)። ያው ጳውሎስ በደል ከተገኘበት ከቅጣት እንደማይሸሽ ተናግሯል። መብትን መጠቀምና ጥፋትን ማመን በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ደግሞ «ቅጣቴን ከፍዬ እወጣለሁ» ያለው ነገር የትራፊክ ቅጣት መስሎት ነው። በቨርጂኒያ የመጀመሪያ ጥፋት እንኳ ወንጀል ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት አለው። ገንዘቡ ከ250 ዶላር በታች አይወርድም፤ መንጃ ፈቃድም ለ1 ዓመት ይነጠቃል። መሣሪያው 0.15 ካሳየ ዳኛው ሊያስቀረው የማይችል የ5 ቀን እስራት አለ፤ ከ0.20 ካለፈ 10 ቀን ይሆናል። ወንድማችን እነዚህን ቁጥሮች ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። የሚተዳደረው በመኪና ሰው በማመላለስ ነው፤ ግሪን ካርድም ነው የያዘው።

ስለ ወረቀት ጉዳይ ብዙ ወሬ ስላለ በጥንቃቄ እናገራለሁ። አንድ ቀላል ጠጥቶ የማሽከርከር ጥፋት ብቻውን ግሪን ካርድ ያለውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ አያስባርርም። ዜግነት ሲጠይቅ ግን መታሰሩን መግለጥ አለበት፤ ክሱ ቢዘጋም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጠው ውሳኔ፣ ሁለት ጊዜ በዚህ ጥፋት የተፈረደበት ሰው መልካም ጠባይ እንደሌለው ይገመታል፤ ግምቱን ማፍረስ የራሱ ሸክም ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በወሰነው መሠረት የወንጀል ጠበቃ ጥፋተኝነትን ማመን በኢሚግሬሽን ላይ ስለሚያስከትለው ነገር ደንበኛውን የመምከር ግዴታ አለበት። ብቻውን የቆመ ሰው ይህን የሚመክረው የለም። እኔም ጠበቃ ስላልሆንኩ ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ጠበቃ ሳታነጋግር አፍህን አትክፈት።» በመጀመሪያው ቀጠሮ ዳኛው ስለ ጠበቃ ይጠይቃል፤ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው ፍርድ ቤቱ ራሱ ይመድብለታል። አማርኛ አስተርጓሚም ያለ ክፍያ ይቀርባል፤ አስቀድሞ መጠየቅ ነው እንጂ።

አንድ ነገር ግን አሳዘነኝ። አንድ ወዳጁ «ከሽማግሌዎች ‹ይህ ወንድም መጠጥ አይቀምስም› የሚል ደብዳቤ አጻፍ» ብሎት ኖሯል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ አንጽፍም፣ መጻፍም የለብንም። መሣሪያው 0.11 ያለበትን ሰው «አይቀምስም» የሚል ወረቀት ዳኛ ፊት ማቅረብ እርሱንም ቤተ ክርስቲያንንም ማዋረድ ነው። መጋቢው የጻፈለት አጭር ነበር፦ ስንት ዓመት እንደሚያውቀው፣ በምን እንደሚያገለግል፣ ነገሩን ራሱ መጥቶ እንደ ነገረውና አሁን በየሳምንቱ እንደሚገናኙ። ለመጋቢው መንገር ከዳኛው ይልቅ እንዳስፈራው ነግሮናል።

ስለ ቀጠሮው ቀን ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮችን ሚስቱ ናት ያሰበችው። ሸሚዙን ተኮሰች፤ ስልክ የማያስገቡ ፍርድ ቤቶች ስላሉ ደውላ ጠየቀች፤ ከሰዓቱ አንድ ሰዓት ቀድመው ደረሱ። መንጃ ፈቃዱ ታግዶበት ሳለ ራሱ እየነዳ ፍርድ ቤት የሚሄድም እንዳለ ስንሰማ ጉድ አልን። ሌላው የእኛው አመል ነው። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ሳብ እናደርጋለን፤ ይህን ዳኛው አይረዳውም፣ አስተርጓሚውም ቃል ካልሰማ የሚተረጉመው የለውም። ሚስቱ ማታ ማታ «አዎ፣ ክቡር ዳኛ» እያሰኘች ስታለማምደው አንድ ቀን ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር።

ጠበቃው የፖሊሱን ቪዲዮና የመሣሪያውን ወረቀት መረመረ፤ ክሱን የሚያፈርስ ነገር አላገኘም። ወንድማችን በመጨረሻ «ጥፋተኛ ነኝ» አለ፤ በዚህ ጊዜ ግን ምን እንደሚከተለው አውቆ፣ ሚስቱም ከኋላው ተቀምጣ። እስራቱ በገደብ ታለፈለት፤ የገንዘብ ቅጣትና ስለ አልኮል የሚሰጠውን የግዴታ ትምህርት ተቀበለ። ሰው የማመላለስ ሥራው ቀረ፤ አሁን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል። ዳኛው የተወሰነ የመንጃ ፈቃድ ፈቀደለት፤ ሞተሩ የሚነሣው ግን በተገጠመለት መሣሪያ ውስጥ ሲተነፍስ ብቻ ነው። በዚህ ፈቃድ በሳምንት አንድ ቀን ወደ አምልኮ ቦታ መሄድ ይቻላል፤ ቦታውና ሰዓቱ መጻፍ አለበት። ስለዚህ ያ ሁሉ ሲሸሽ የነበረው ሰው የቤተ ክርስቲያናችንን ስም በራሱ አንደበት በችሎት ተናገረ።

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሲተነፍስ የሰንበት ትምህርት ልጆች ከበቡት። አንዱ «ምንድን ነው እርሱ?» አለው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ነገራቸው።